የድስት ቺፕስ፦ ከድንቹ ምርጫ እስከ ቆርቆሮው ክዳን

አንድ ኪሎ ድንች ተልጦ፣ ተቆርጦና ተጠብሶ ሲያልቅ የሚገኘው ቺፕስ ከሩብ ኪሎ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራ ሰው ድንቹ ዘይት ውስጥ ቀልጦ የቀረ ይመስለዋል። የሄደው ውኃው ነው። ከ100 ግራም ጥሬ ድንች ከ75 እስከ 80 ግራሙ ውኃ ሲሆን፣ በደንብ በተጠበሰ 100 ግራም ቺፕስ ውስጥ ግን የሚገኘው ውኃ 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በውኃው ቦታ በከፊል ዘይት ይገባል፤ የቺፕሱን ክብደት ሲሶ ያህል የሚይዘውም እሱ ነው። ስለዚህ ቺፕስ መጥበስ ማለት ከስስ የድንች ቁራጭ ውስጥ ውኃውን አሟጦ ማስወጣት፣ ያውም ድንቹን ሳያሳርሩ ማስወጣት ነው። ማስቀመጥ ደግሞ የወጣው ውኃ ተመልሶ እንዳይገባ መጠበቅ ነው። ድንቹን ስንመርጥም፣ ምላጩን ስናስተካክልም፣ እሳቱን ስንቆጣጠርም የምንሠራው ይህንኑ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ የማስተዋውቀው በድስት፣ ዙር በዙር፣ በእጅ እየተማሰለ የሚጠበሰውን ቺፕስ ነው። የፋብሪካው በየሱቁ ተሰቅሏል፤ አስተዋዋቂ አያስፈልገውም። የድስቱ ግን ወፈር ያለ፣ የተጠማዘዘ፣ ጥርስ ላይ ጠንከር የሚል ነው፤ የድንቹም ጣዕም አይጠፋበትም። ዕድሜ ልኬን ቺፕስ ወዳጅ ነኝ፤ ምርጫዬም ይኸው ነው።

ስለ አመጣጡ ሲወራ ሁልጊዜ የምትነሣው በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት የምትገኘው ሳራቶጋ ስፕሪንግስ ናት። ወሬው እንዲህ ይላል፦ እ.ኤ.አ. በ1853 ሙንስ ሌክ ሃውስ በሚባለው ሐይቅ ዳር ምግብ ቤት አንድ ደንበኛ «የድንቹ ጥብስ ወፍሯል» ብሎ መለሰ። ምግብ አብሳዩ ጆርጅ ክረም ተናደደና በሹካ የማይያዝ ስስ አድርጎ ቆርጦ፣ አድርቆ ጠብሶ፣ ጨው ነስንሶ ላከለት። ደንበኛው ግን ወደደው። ክረም በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ የጥቁር አሜሪካውያንና የቀደምት አሜሪካውያን ዘር ያለው፣ በኋላም የራሱን ምግብ ቤት ከፍቶ በየጠረጴዛው በቅርጫት ቺፕስ ያቀርብ የነበረ ዝነኛ ባለሙያ። እኅቱ ኬት ዊክስም በሙንስ ሌክ ሃውስ ታበስል ነበርና ፈጣሪዋ እሷ ናት የሚሉ አሉ። ሆኖም ከዚህ ሁሉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1817 ለንደን ውስጥ የታተመው የዶክተር ዊሊያም ኪችነር የምግብ መጽሐፍ ድንችን ስስ አድርጎ ልጦ በሞራ ስለ መጥበስ ይናገራል። ከዘይቱ በፊት በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ይድረቅ የሚል ትእዛዝም አለው። ከ200 ዓመት በላይ አልፎም ከዚያች ትእዛዝ የሚበልጥ ምክር አላገኘሁም።

የቺፕስ ነገር የሚወሰነው ግን ድስቱ ከመጣዱ በፊት፣ ገበያ ላይ ነው። ድንች ሁሉ ለቺፕስ አይሆንም። አትክልት ተራ ሄዶ «እናቴ፣ ይኼ ለወጥ ነው ለጥብስ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል፤ ሻጮቹ ያውቃሉ። «ለጥብስ ከሆነስ ይኼንን ውሰጂ የኔ ልጅ፤ ያኛው ውኃ ነው» ይላሉ። ይህች «ውኃ ነው» የምትል ቃል ትክክለኛ ናት። ለቺፕስ የሚፈለገው ድንች ከክብደቱ ቢያንስ 20 በመቶው ደረቅ ነገር፣ በአብዛኛውም ስታርች የሆነ ነው። ውኃው የበዛ ድንች ሲጠበስ ጊዜ ይፈጃል፣ ዘይት ይጠጣል፣ የሚተርፈውም ቺፕስ ትንሽና ልል ይሆናል።

ድንቹን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። በ1 ሊትር ውኃ 125 ግራም ያህል ጨው ማሟሟትና ድንቹን ሳይልጡ አጥቦ መጨመር ነው። የዘቀጠው ለቺፕስ ይሆናል፤ የተንሳፈፈው ውኃው የበዛ ነውና ለወጥ ይቀመጥ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስታርች ከውኃ ይከብዳል። በዓለም ዙሪያ ያሉ የቺፕስ ፋብሪካዎችም ድንች ሲረከቡ የሚለኩት ይህንኑ ክብደት ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ መሣሪያ ረቀቅ ማለቱ ነው።

ድንች ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጨረሻ በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር አማካይነት እንደሆነ ይነገራል። ለረጅም ጊዜ የደጋ ገበሬ የረሃብ ወራት መሻገሪያ ሆኖ ቆየ። በኋላ የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻሉ ዝርያዎችን አወጣ፤ ጃለኔ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009። በለጠ በምርት ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ደረቅ ይዘቱ ጥሩ በመሆኑም ለጥብስ ይፈለጋል። ይሁን እንጂ አንድ ዝርያ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ አፈሩ፣ ዝናቡና የተቆፈረበት ጊዜ ይለውጡታል። ሳይደርስ የተቆፈረ፣ ቆዳው በአውራ ጣት ሲታሽ የሚላላጥ ድንች ስኳሩ ገና ወደ ስታርች አልተለወጠም፤ ለቺፕስ አይመከርም።

ስኳሩ ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ዘይት ውስጥ የገባ ድንች ወርቃማ መልክ የሚያገኘው በውስጡ ያለው ትንሽ ስኳርና አሚኖ አሲድ በሙቀት ሲዋሐዱ ነው። ስኳሩ ከበዛ ቺፕሱ ውኃው ሳይወጣ ይጠቁራል፤ ይመርራልም። ድንችን ስኳራም የሚያደርገው ደግሞ ብርድ ነው። ከ7 ወይም ከ8 ዲግሪ በታች የተቀመጠ ድንች ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። ለቺፕስ የሚሆን ድንች ፍሪጅ የማይገባው ለዚህ ነው። ባለማወቅ የገባ ካለ አውጥቶ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ በሆነ ጨለማ ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት ነው፤ ስኳሩ በከፊል ይመለሳል። የደጋ ቤት ጓዳ፣ ነፋስ የሚያገኘው የጆንያ ድንች፣ ብርሃን የማያይ ጥግ፣ ከዚህ የተሻለ ማስቀመጫ የለም። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ከአረንጓዴው ጋር ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር ይጨምራል፤ ሶላኒን ደግሞ በመጥበስ አይጠፋም። ገበሬዎቻችን ለዘር የሚያስቀምጡትን ድንች ብርሃን በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ሆን ብለው አረንጓዴ እንዲሆን ያደርጉታል፤ ያ ለዘር ነው፣ ወደ ማድቤት መምጣት የለበትም።

ከተላጠ በኋላ መቁረጥ ይመጣል። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ ቢሳሳ ያርራል፣ ከ2 ቢያልፍ መሐሉ ሳይደርቅ ዳሩ ይጠቁራል። ከመጠኑ በላይ የሚያስፈልገው ግን እኩልነቱ ነው። በቢላዋ ስስ አድርጎ መቁረጥ የሚችል እጅ አለ፤ ነገር ግን ሃምሳ ቁራጭ እኩል አድርጎ የሚያወጣ እጅ ጥቂት ነው። ምላጭ የተገጠመለት መክተፊያ ይህን ችግር ይፈታል። ጣትን መጠበቂያ ሳይዙ ግን አይሞከር፤ ድንቹ ሲያልቅ ምላጩ የሚያገኘው ጣትን ነው።

የተቆረጠው ድንች ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ ውኃው ወዲያው ወተት ይመስላል። ከምላጩ የተነሣ ከተከፈቱት ሕዋሶች የወጣ ስታርች ነው። ካልታጠበ ቁራጮቹ ዘይት ውስጥ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ስታርቹም ዘይቱን ቶሎ ያጠቁረዋል። ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ውኃው እስኪጠራ ማጠብ በቂ ነው። የድስት ቺፕስ ከሚሠሩ ድርጅቶች አንዳንዶቹ ጨርሶ አያጥቡትም፤ ያልታጠበው መልኩ ጠቆር፣ ጣዕሙም ጠንከር ይላል፤ ግን ያለማቋረጥ የሚያማስል ሰው ይፈልጋል። ለቤት ሥራ ማጠቡን እመርጣለሁ። ከዚያ ፎጣ ዘርግቶ ቁራጮቹን ጎን ለጎን መደርደር፣ በሌላ ፎጣ ከላይ መጫን። እርጥብ ድንች ዘይት ውስጥ ሲገባ ዘይቱ ይገነፍላል፤ ማቃጠሉም አይቀርም። አንድም ጠብታ ሳይታይ ሲቀር ወደ ድስቱ ይኬዳል።

ድስቱ ጥልቅና ወፍራም ይሁን፤ የብረት ድስት ቢገኝ መልካም ነው። ዘይቱ ከድስቱ ግማሽ እንዳያልፍ። እሳት ቢነሣ ክዳኑን ገጥሞ ምድጃውን ማጥፋት ነው፤ ውኃ መድፋት አደገኛ ነው። ክዳኑ ከመጀመሪያው አጠገብ ይቀመጥ፤ ልጆችም ከአካባቢው ይራቁ።

ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ድንቹን ከ175 እስከ 190 ዲግሪ በሞቀ፣ ረጅም ገንዳ ውስጥ በሚፈስ ዘይት ያሳልፉታል፤ በሁለት ሦስት ደቂቃ ተጠብሶ በሌላኛው ጫፍ ይወጣል። ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የድስት ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 በፔንስልቬንያ ሃኖቨር ከተማ ሳሊ ዩትዝ የተባለች ሴት ከቤቷ ጀርባ ባለች ትንሽ ክፍል በእጅ በሚሠራ መሣሪያ በሰዓት 50 ፓውንድ፣ ማለት ከ22 ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ቺፕስ ትጠብስ ነበር፤ ባለቤቷ ደግሞ ወስዶ ይሸጣል። ዩትዝ ዛሬ በአሜሪካ ከታወቁት የቺፕስ ስሞች አንዱ ነው።

ድስቱ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። ዘይቱ 150 ወይም 160 ዲግሪ ሲደርስ፣ ቴርሞሜትር በሌለበት ቤት አንድ ቁራጭ ሲጥሉበት ወዲያው አረፋ ከቦት ወደ ላይ ሲመጣ፣ ከ2 ሊትር ዘይት ላይ ከ200 ግራም ያልበለጠ ድንች ይጨመራል። ቀዝቃዛው ድንች ሲገባ ዘይቱ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ለጊዜው ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የምድጃው ሙቀት ሁሉ ውኃውን ለማትነን ይውላል። ድስቱ ይንጫጫል፣ አረፋው ድንቹን ይሸፍነዋል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። በዚህ ጊዜ በጭልፋ በቀስታ መለያየት ያስፈልጋል፤ የተጣበቁ ሁለት ቁራጮች በመካከላቸው ውኃ ይዘው ይቀራሉ። ሦስት አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ጩኸቱ መቀነስ ይጀምራል። አረፋው ያንሳል፣ ደቃቅ ይሆናል፤ ቁራጮቹ ጠንክረው በጭልፋው ሲነኩ መንኳኳት ይጀምራሉ። ውኃው እያለቀ ሲሄድ የዘይቱ ሙቀት ተመልሶ ይወጣል፤ መልኩ የሚመጣው በዚህች መጨረሻ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ሰባት፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጃል። ሙቀቱ ወርዶ ቀስ እያለ መውጣቱ ነው የድስት ቺፕስን ጠንካራና ቆርጠም የሚያሰኝ ያደረገው።

የሚያወጡበትን ሰዓት ከመልክ ይልቅ በጆሮ መለየት ይቀላል። በየሰፈሩ መንገድ ዳር ቺፕስ የሚጠብሱ እናቶችን ልብ ብሎ ያየ ይመሰክራል፤ ፊታቸውን ወደ ደንበኛ አዙረው መልስ እየቆጠሩ ድስቱ ዝም ሲል እጃቸው ወደ ጭልፋው ይሄዳል። የድስቱ ዝምታ ውኃው አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለችው ግማሽ ደቂቃ ወርቃማውን ከቡናማው ትለያለች።

ቡናማው የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች በከፍተኛ ሙቀት የተጠበሱ ስታርቻም ምግቦች ውስጥ አክሪላማይድ የሚባል ነገር እንደሚፈጠር አሳወቁ፤ ብዙ ከሚገኝባቸው ምግቦች አንዱም የድንች ቺፕስ ነው። አክሪላማይድ የሚመጣው ከዚያው ስኳርና አስፓራጂን ከሚባል አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ መልኩ በጠቆረ ቁጥር ይበዛል። እንስሳት ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ስለታየ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አምራቾች እንዲቀንሱት የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ቤት ውስጥ መፍትሔው በእጃችን ነው፤ ድንቹን ፍሪጅ አለማስገባት፣ ቁራጩን ማጠብ፣ ወርቃማ ሲሆን ማውጣት፣ የጠቆረውን ለይቶ መጣል።

ከድስቱ ሲወጣ ያለችው አንድ ደቂቃ ብዙ ሰው የማያስተውላት ናት። ድንቹ ዘይት ውስጥ እያለ እንፋሎት ወደ ውጪ ስለሚገፋ ዘይቱ በብዛት አይገባም። ዘይቱ የሚገባው ከወጣ በኋላ፣ ሲቀዘቅዝ ነው። በውስጡ የቀረው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ወደ ውኃነት ተመልሶ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ በላዩ ያለውን ዘይት ልክ እንደ ስፖንጅ ይስበዋል። ስለዚህ ቺፕሱን ከድስቱ በላይ ባለው ሙቀት ጭልፋው ላይ እንዳለ አራግፎ፣ በወንፊት ወይም በወረቀት ላይ ሳይከምሩ መዘርጋት ይገባል። ጨውም በዚሁ ሰዓት፣ ደቃቅ ሆኖ። ላዩ ላይ ያለው ትኩስ ዘይት ጨውን ይይዘዋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የተነሰነሰ ጨው ሣህኑ ላይ ይቀራል።

ስለ ዘይቱ ጥቂት ልበል። በፔንስልቬንያ እስከ ዛሬ በአሳማ ሞራ የሚጠብሱ አሉ። እኛ ዘንድ ምርጫው የአትክልት ዘይት ነው፤ ቺፕስን ለጾም የሚሆን ያደረገውም ይኸው ነው። በ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም፣ በረቡዕና ዓርብም ከቡና ጋር ቢቀርብ ማንንም አያስቸግርም። የሚረጋው የፓልም ዘይት ሙቀትን ይችላል፣ ቶሎም አይበላሽም፤ ሲቀዘቅዝ ግን ምላስ ላይ ሰም ሰም ይላል። የሱፍ ዘይት ጣዕሙ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን የተጠበሰበት ቺፕስ ብዙ አይቆይም። የኑግ ዘይት የራሱ ጠንካራ ጣዕም ስላለው ድንቹን ይሸፍነዋል። ዘይቱ ከጠቆረ፣ አረፋው ድንች ሳይኖርበትም ካልጠፋ፣ በትንሽ ሙቀት ከጨሰ ጊዜው አልፏል። ተረፈ ተብሎ ወጥ ውስጥ መጨመር የለበትም።

ቺፕስ የተሠራበትን ቀን ጣዕም ይዞ እንዲቆይ ከሦስት ነገሮች ይጠበቅ፦ እርጥበት፣ አየርና ብርሃን። ከሱ ውስጥ ያለው ውኃ ከ2 በመቶ ወደ 4 ከፍ ሲል ኩርሽም ማለቱ ይቀራል። በክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ክፍት ሣህን ላይ ያደረ ቺፕስ ጠዋት ላይ ሲላሽቅ የምናየው ለዚህ ነው። አየርና ብርሃን ደግሞ ዘይቱን ያበላሹታል፤ የሚያንገፈግፍ ሽታ ያመጣሉ። ግልጽ ፌስታል ውስጥ ተቋጥሮ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የተንጠለጠለ ቺፕስ ሁለቱንም ቅጣት ይቀበላል። ለምትሠራው እናት ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ማስቀመጥ እንኳ ዕቃዋን ያቆይላታል።

የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ነጋዴዎች ቺፕስን ከበርሜል እየሰፈሩ ይሸጡ ነበር። ከላይ ያለው ትኩስ፣ ከታች ያለው የተሰባበረና የላሸቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 በካሊፎርኒያ ላውራ ስከደር የተባለች ነጋዴ ሠራተኞቿን ሰም የተቀባ ወረቀት ቤታቸው ወስደው በካውያ እያጣበቁ ከረጢት እንዲያደርጉት አደረገች፤ በማግስቱ ቺፕስ ተሞልቶ አፉ በካውያ ይዘጋል። የተሠራበትንም ቀን ታትምበት ነበር። ዛሬ በሱቅ የምናየው የተነፋ ከረጢት ከዚያ የመጣ ነው፤ ውስጡ የተሞላውም በአብዛኛው ናይትሮጅን ነው፤ ኦክስጅን ዘይቱን እንዳያበላሸው።

ቤት ውስጥ ናይትሮጅን የለንም፤ ጥሩ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ግን አለን። ቺፕሱ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ፣ ለብ ያለው ክዳን ሥር ላብ ያመጣልና። ቆርቆሮው ደረቅ፣ ሽታ የሌለው፣ እስከ አፉ ሞልቶ አየር የማያስተርፍ ይሁን። ከምድጃው ራቅ ባለ ጨለማ ቦታ እንጂ ፍሪጅ ውስጥ አይቀመጥም። በደንብ የደረቀ ቺፕስ እንዲህ ሆኖ አንድ ሳምንት፣ በበጋም ሁለት ሳምንት ይቆያል። እርጥበት ገብቶበት የላሸቀ ከሆነ ምጣድ ላይ በቀላል እሳት ለሦስት አራት ደቂቃ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ይመልሰዋል። ዘይቱ የሸተተውን ግን ምንም አይመልሰውም፤ ይጣል።

መብላቱን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ማሲሚሊያኖ ዛምፒኒና ቻርልስ ስፔንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች ማይክሮፎን ፊት ቺፕስ እየነከሱ የገዛ ጥርሳቸውን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ እንዲሰሙ አደረጉ። ድምፁ ከፍ ሲደረግ ሰዎቹ ቺፕሱን ይበልጥ ትኩስና ደረቅ ነው አሉት፤ ዝቅ ሲደረግ የቆየ መሰላቸው። ቺፕሱ ግን ያው አንድ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ስስና ልል ከሚሆን ወፈር ብሎ የሚጮህ ይሻላል፤ ቴሌቪዥኑንም ዝቅ ማድረግ ይረዳል።

ለቅመም ሚጥሚጣን የሚያህል አላውቅም። ለአንድ ትልቅ ሣህን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ከደቃቅ ጨው ጋር ቀላቅሎ፣ ቺፕሱ ገና ትኩስ ሳለ መነስነስና ሣህኑን አንዴ ሁለቴ ማንሣት። ሚጥሚጣው ጨው ካለበት ጨው አይጨመር። በርበሬ ከተመረጠ በጣም ልም ይሁን፤ ፈጽሞ ዘይቱ ውስጥ አይግባ፣ ያርርና ይመርራል። አዋዜ እርጥብ ስለሆነ በሌላ ሣህን ቀርቦ እየተጠቀሰ ቢበላ እንጂ ከላዩ አይፈስም። ለቡና ቁርስ፣ ለልጆች ልደት ከፈንዲሻው አጠገብ፣ ለእንግዳም ከቆሎው ጋር ሲቀርብ በአንድ ጊዜ ሁሉንም አለማውጣት ነው፤ የሚበላውን ያህል ብቻ ዘግኖ ቆርቆሮውን ወዲያው መክደን።